ኳሷን መሬት አውርዱልን

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁትም ወደ እሳቱ ኑ። የዛሬው ጨዋታዬ የጦርም የድርቅም አይደለም፤ እሱን ሁላችንም ጠግበነዋል። የኳስ ነው። ኳስ ደግሞ ለዋግ ሰው ምኑ ነው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

እኛን የዋግ፣ የፃግብጂ ልጆች ኳስ ያስተማረን ገደል ነው። ሜዳ ብለን የምንጠራት ከአውድማው ጎን የነበረችውን ጠፍ መሬት ነበር፤ በአንድ ወገኗ የሰው ማሳ፣ በሌላው ወገኗ ዓይን የሚያዞር ቁልቁለት። ኳሷ ከአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ተጠቅልላ በቃጫ የታሰረች ናት። ወደ ላይ ከተመታች ነፋሱ ይቀበላትና ቁልቁል ይሰዳታል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ የለም። አንዱ ወርዶ፣ ከቁጥቋጦው መሀል ፈልጎ፣ አቀበቱን ወጥቶ እስኪመለስ ጀምበር ታዘቀዝቃለች። ስለዚህ አንዲት ሕግ አወጣን፦ የጠለዘ ይወርዳል። ዳኛ የለን፣ መስመር የለን፣ ያቺ ሕግ ግን አንድም ቀን ተጥሳ አታውቅም።

ያቺ ሕግ ምን እንዳደረገችን ልንገራችሁ። ኳስ የደረሰው ልጅ ሁሉ ከመምታቱ በፊት ጓደኛውን ይፈልጋል። በውስጥ እግሩ ይገፋል፣ ወደ ባዶው ቦታ ይሮጣል፣ መልሶ ይቀበላል። ዛሬ አንድ ሁለት ይሉታል፤ እኛ ስም አላወጣንለትም። የገና ዕለትማ ሌላ ነው፤ ያን ቀን ሩሯን በዱላ አርቆ የመታ ይወደሳል፣ ጨዋታውም ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ኳስ ግን ለእኛ አጠገብህ ላለው ሰው የምትሰጠው ነገር ነበረች።

አንድ አብሮ አደግ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። ከሁላችንም ጉልበታም እሱ ስለነበር ቁልቁለቱን ብዙ ጊዜ የወረደው እሱ ነው፤ ወርዶ ወርዶ በመጨረሻ ከሁላችንም የተሻለ አቀባይ ሆነ። ይህን ሰው ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ሬዲዮ መጣልን። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ፣ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት ያሸነፍንበትን የፍጻሜ ጨዋታ ደምሴ ዳምጤ ሲያስተላልፈው የሰማ ሰው እስከ ዛሬ ድምፁ ከጆሮው አይወጣም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ስታዲየም የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የደምሴ ድምፅ ግን ኳሷ ከማን ወደ ማን እንደሄደች እየነገረ ሜዳውን ሠራልኝ። የእኛ ነገር በሬዲዮ እንኳ የሚያምረው ቅብብል ሲሆን ነው፤ ስም በስም ላይ ሲደረደር ልብህ አብሮ ይሄዳል። ወደ ሰማይ የተለጋች ኳስ በሬዲዮ ምን አላት? እስክትወርድ ዝም ብለህ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ 2005 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ሰቆጣ ነኝ። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ተመልሰናል፤ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጎል ካገባንና ካልገባብን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ እናልፋለን። ሻይ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ በመስኮት የተንጠለጠለም አለ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። እረፍት ላይ ሰው እጁን እያሻሸ ነው፤ ከኋላ አንዱ "አሁንስ ዝም ብለው ወደ ፊት ይጠልዙት!" ብሎ ጮኸ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ዞር አሉና "ልጄ፣ የጠለዘ ይወርዳል" አሉት። ልጁ አልገባውም፤ እኔ ግን የአገሬን ሰው አወቅኩት። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ፤ ከዚያ ሳላዲን ሰይድ። አምስት ለአምስት፣ ከሜዳችን ውጭ ባገባነው ሦስት ጎል አለፍን። ሽማግሌው እያለቀሱ ጋቢያቸውን ሲያጣጥፉ አይቻለሁ።

የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን እንዲያ ነበር። ቁመት የለውም፣ በአጭር ቅብብል ይገባል፣ ኳስ ሲነጠቅ ያስደነግጥሃል፣ ሲይዝ ግን ያኮራሃል። በጥር 13 ቀን ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ገጠመን። ጥር 13 ምን ቀን መሰላችሁ? በ1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠኑት ቡድን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ያነሳበት ቀን ነው፤ ልክ በ51 ዓመቱ። በኔልስፕሩቱ ጨዋታ ሳላዲን የመታትን ፍፁም ቅጣት ምት በረኛው አዳነበት። የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ አገባች። አሥር ሰው ሆነን፣ በአንድ ጎል እየተመራን፣ ገና ሙሉ አጋማሽ ቀርቶናል። ኳሷን ወደ ሰማይ ለመስደድ ከዚያ የበለጠ ምክንያት ያለው ቡድን አላየሁም። አልሰደዷትም። አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ አንድ ለአንድ ወጣን። እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ያሸነፍን ነው የመሰለን።

ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ አራት አገባችብን፣ ናይጄሪያ ሁለት። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው እላለሁ። ሽንፈቱ አይደለም ያበላሸው፤ ከሽንፈቱ በኋላ የመጣው ወሬ ነው። "ቁመት የለንም፣ ጉልበት የለንም፣ በቅብብል የትም አንደርስም" የሚለው ወሬ ከአዲስ አበባ ተነስቶ እስከ እኛ ቀበሌ ደረሰ። በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ሲቀረን ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን፤ በዚያው ዓመት ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ። ከእሳቸው በኋላ እስከ 2010 ዓ.ም. አምስት አሰልጣኝ ተፈራርቋል፤ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ። እኔ አንዳቸውንም አልከስም። በቅጡ የማይቀመጥ ሰው ምን ይተክላል?

የእኔ ክስ ከቤቴ ይጀምራል። ያን አብሮ አደጌን ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? አድጎ የወጣቶች ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። ያለ ደመወዝ፣ በራሱ ጫማ። በ2007 ዓ.ም. በወረዳዎች መካከል ውድድር ሲደረግ ልጆቹን ሦስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አስጠናቸው፤ ኳሷን መሬት ማስያዝ። በጠዋት እየሄድኩ አያቸው ነበር። ከመሀላቸው አንድ ልጅ ነበር፣ 8 ቁጥር የሚለብስ፣ ቀጭን፣ እግሩ የፍየል እግር የመሰለ። ኳስ ሲደርሰው ሜዳው ጸጥ ይላል፤ የት እንደሚሰጣት እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰው ሥራ ፈቶ ልምምድ ሊያይ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በእሱ ምክንያት ይመጣ ነበር።

ጨዋታው ደረሰ። ሕዝቡ በእግር ሰዓታት ተጉዞ መጥቷል፤ እናቶች ቆሎ ቋጥረዋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ጎል ገባብን። ይሁን። ልጆቹ ግን እየተጫወቱ ነበር፤ ኳሷ ከ8 ቁጥር ወደ ግራ፣ ከግራ ተመልሳ ወደ መሀል፣ ተጋጣሚው እየሮጠ እየደከመ። አጠገቤ የነበረ ገበሬ "በሬ ሲጠመድ የመጀመሪያዋ ትልም ሁልጊዜ ጠማማ ናት፤ ተዋቸው ይቀናሉ" አለኝ። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

ከአሰልጣኙ ጀርባ ግን ወንበር ተደርድሯል። ወንበሩ ላይ ኃላፊዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ሲለው አየሁ። ከእረፍት ሲመለሱ 8 ቁጥር የለም። በእሱ ፋንታ አንድ ረጅም ተከላካይ አጥቂ ሆኖ ገብቷል። ያ ቁልቁለቱን ከሁላችን በላይ የሚያውቀው አብሮ አደጌ መስመሩ ላይ ቆሞ "ጠልዘው! ጠልዘው!" እያለ ይጮኻል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው አልተሳደበም። ሰው ዝም አለ። ኳሷ ስትወጣ አንገት ይቃናል፣ ስትወርድ የተጋጣሚው ተከላካይ ራስ ላይ ትወርዳለች፣ እንደገና ትጠለዛለች። አርባ ደቂቃ። ልጆቹ ሦስት ወር የተማሩትን አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከሩትም፤ እርስ በርስ መተያየታቸውንም ተዉት፣ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል። 3 ለ 0 ተሸነፍን። ወደ ቤት ስንመለስ ያ ገበሬ እንዲህ አለ፦ "መሸነፉን ተሸንፈው ይሂዱ፤ ሽንፈት ለእኛ አዲስ አይደለም። ግን ያንን ሁሉ መንገድ የሄድኩት የእኛን ልጆች ለማየት ነበር። የእኛን ልጆች አላየኋቸውም።"

ከአብሮ አደጌ ጋር ለብዙ ጊዜ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ጠርቼ ልጠይቀው ይገባ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ በጥር መጨረሻ፣ ሲያትል የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደወለ። ድምፁ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው። ማን ሞተ አልኩት። የከተማው ቡድን በአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ፍጻሜ ተሸነፈ አለኝ። ያ ጨዋታ እግር ኳስ ይባላል እንጂ ኳሷ በእጅ ነው የምትሄደው። ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ ኳሷን ለጉልበታም ሯጭ ሰጥተህ ሰው እየገፈተረ መሬት መሬቱን ይሄዳል፣ ወይ በአየር ትወረውራታለህ። ሲያትሎች ማርሾን ሊንች የሚባል ሯጭ አላቸው፤ ሲሮጥ እንደ ጎርፍ ነው አሉ። 28 ለ 24 እየተመሩ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቀረም፤ ወደ መስመሩ የቀራቸው አንድ ያርድ፣ የአንድ እርምጃ ያህል መሬት። ገና አሁን ኳሷን እስከዚያ ያደረሰው ሊንች ነው። አሰልጣኙ ፒት ካሮል ግን ይወርወር አሉ። ተወረወረች። ማልኮም በትለር የሚባል የኒው ኢንግላንድ ተከላካይ መሀል ገብቶ ቀለባት፤ አለቀ።

"እዚህ ከተማ ዛሬ ፀሐይ የወጣ አይመስልም" አለኝ የአክስቴ ልጅ። "ለምን ለሯጩ አልሰጡትም? መላው ሰው የሚጠይቀው እሱን ብቻ ነው።" እኔም የ8 ቁጥሩን ነገር አጫወትኩት። ስልኩ ዝም አለ፤ ከዚያ "አንድ ነው" አለኝ። ከሰቆጣ እስከ ሲያትል ስንት ባሕር አለ? ያንን ሁሉ አልፎ የደጋፊ ብሶት አንድ ሆኖ አገኘሁት። ደጋፊ ቡድኑ ምን እንደሆነ ያውቃል። ያንን ነገር ከጭንቅ ቀን በፊት ሁሉ ሲያሳዩት ኖረው በጭንቅ ቀን ሲጥሉት ነው የሚያመው።

አንድ መምህር ወዳጅ አለኝ፤ ይህን ስነግረው ይሟገተኛል። "አንተ ቅብብል ቅብብል ትላለህ፤ የእኛ ልጆች ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሲቀባበሉ ቀኑ ይመሻል። ጎል በቅብብል ብዛት አይቆጠርም" ይለኛል። እውነቱን ነው። ሩጫ የሌለው ቅብብል ውሃ መውቀጥ ነው፤ እኛ ገደሉ ጫፍ ላይ ስንጫወት ሰጥተህ ከቆምክ ጓደኛህ የሚሰጥበት አጥቶ ይነጠቃል። ረጅም ኳስም ነውር አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ ያጠናው ቡድን፣ ማን ዘሎ እንደሚገጭ፣ የገጫትን ማን እንደሚያነሳ የሚያውቅ ቡድን ቢጫወትበት እኔም አጨበጭባለሁ። የእኔ ጠብ ከሰኞ እስከ ዓርብ መሬት አስይዞ እሑድ በስድሳኛው ደቂቃ ሰማይ ከሚሰድ ጋር ነው። ያ ፍርሃት ነው፤ ስልት ብዬ አልጠራውም።

ስፔንን አንሡ እስቲ። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ያን ሁሉ ኳስ ይዘው። ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ በማግስቱ ረጃጅም ሰው ፍለጋ አልወጡም። በዚያው ቅብብል ቀጥለው ከጥሎ ማለፉ ጀምሮ ፖርቱጋልን፣ ፓራጓይን፣ ጀርመንን፣ ሆላንድን አንድ ለዜሮ፣ አንድ ለዜሮ፣ አንድ ለዜሮ፣ አንድ ለዜሮ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። መምህሩ ይህን ስነግረው "እነሱ ስፔን ናቸው" ይለኛል። ከሽንፈቱ ማግስት ግን እነሱም የተሸነፈ ቡድን ነበሩ።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው አይቻለሁ። ካሳዬ አራጌ ለኢትዮጵያ ቡና የተጫወተ ነው፤ ከአሜሪካ ተመልሶ በ2012 ዓ.ም. ያንኑ ክለብ ያዘ። የቡና ደጋፊ ከድሮም ኳስ ካልተንከባለለች ደስ አይለውም፤ ውበቱ አባተ በ2003 ዓ.ም. አሰልጥነው ሊጉን ያሸነፉለት ጊዜም አጨዋወቱን ከዋንጫው እኩል ነው የሚያወሳው። በካሳዬ ጊዜ በረኛው ሳይቀር ኳሷን በእግሩ ነበር የሚጀምረው። በዚያ ምክንያት ጎል የገባባቸው ቀን አለ፤ ሰው ራሱን የያዘበት ቀን አለ። ሆኖም በሚቀጥለው ሳምንት በረኛው ያንኑ ያደርጋል። በ2013 ዓ.ም. ቡናማዎቹ ከፋሲል ከነማ ቀጥለው ሁለተኛ ወጡ፤ አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አገባ፤ በሊጉ እንዲህ ያገባ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ክለቡና ካሳዬ ተለያዩ። ዋንጫ አላመጣም የሚል ይኖራል። እኔ ግን በእነዚያ ዓመታት የሠፈሬ ሕፃናት ኳስ በውስጥ እግራቸው ሲያቆሙ አይቻለሁ።

እንግዲህ ወደ መጨረሻዋ ቀን ደረስን። እንጨት ጨምሩበት።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.። የት እንደነበርን ታውቃላችሁ። በጦርነቱ ከፃግብጂም ከአበርገሌም የተፈናቀልን ሰቆጣ ተጠልለናል፤ ቤታችን፣ ማሳችን፣ ያቺ ጠፍ ሜዳችን ከእጃችን ውጭ ናት። ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋልያዎቹም እንደ እኛው ነበሩ። ስታዲየሞቻችንን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስላላጸደቃቸው የሜዳችን የሚባለውን ጨዋታ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው የሚጫወቱት። ከአራት ቀን በፊት እዚያው ሜዳ ላይ ማላዊ 2 ለ 1 አሸንፋናለች። አሁን የምትመጣው ግብፅ ናት፤ በጥር ወር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰችው ግብፅ። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ናቸው። እውነት እላችኋለሁ፣ ፈራሁ። ከሽንፈት በኋላ፣ ከግብፅ ፊት፣ አሁን ይጥሏታል ብዬ ፈራሁ።

አንዲት ሬዲዮ ናት ያለችን፤ ባትሪዋ ደክሟል። ድምፁ የሚሰማው ጆሮውን ለለጠፈባት ሰው ብቻ ነው። ማን ይያዛት ሲባል አንድ ቀጭን ሰው ጢሙን አሳድጎ ከኋላ ብቅ አለ። ያ 8 ቁጥር ነው። ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ከእኛው ጋር ተፈናቅሎ። ሬዲዮዋን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚሰማውን ይነግረን ጀመር። ቀና ስል ክቡ ጫፍ ላይ አብሮ አደጌ ተቀምጧል። ስንት ዓመት ያልተነጋገርነው ሰው። ቦታ ለቀቅኩለት፤ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ይዘናል" ይላል ልጁ። "አሁንም ይዘናል። ወደ ግራ... መልሰውታል... መሀል ገባ..." ከእረፍት በፊት ዳዋ ሆቴሳ አገባ። ቀጥሎ ሽመልስ በቀለ። ሁለት ለዜሮ፣ ግብፅን! ሰው ተነስቶ ተቃቀፈ፣ እናቶች እልል አሉ፤ ያን እልልታ ከተፈናቀልን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

በእረፍቱ ሰዓት አብሮ አደጌ ሳልጠይቀው ተናገረ። "ያን ዕለት" አለኝ፣ ቀኑን መጥራት አላስፈለገውም፣ "ኳስ እያቀባበልኩ ብሸነፍ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠልዤ ብሸነፍ ልጆቹ አልቻሉም ይባላል። ከጀርባዬ ወንበር ነበረ።" ዝም አልኩት። ለእኔ በዓለም ላይ ያለ አሰልጣኝ ሁሉ ኳሷን ለምን እንደሚጥል በዚያች ቃል ገባኝ፤ ፒት ካሮልን አላውቃቸውም፣ ከእያንዳንዱ አሰልጣኝ ጀርባ ግን አንድ ወንበር ያለ መሰለኝ። በቀጣዩ ዓመት ጊኒ ሁለት ጊዜ አሸነፈችን፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ሳናልፍ ቀረን፣ ውበቱም ከቡድኑ ተለያዩ። ያን ዕለት ግን ያንን የሚያውቅ አልነበረም።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ሬዲዮዋ እየደከመች ሄደች፤ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት እጁ አቅፏታል። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን አፉን እናያለን። አብሮ አደጌ በጉልበቱ ተንፏቆ ወደ ልጁ ተጠጋ።

"አሁን ማን ይዟታል?" አለው።

"እኛ።"

ጥቂት ቆየ። "አሁንስ?"

"እኛ ነን፣ ጋሼ።"

"መሬት ናት?"

ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ባዶ እግሩን አቧራው ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ገፋ፤ በውስጥ እግሩ።

"መሬት ናት" አለው።